የጎረቤት ልጅ ማርክ

ሰኞ፣ የካቲት 5 ቀን 1999

እኔን ብሎ ገምጋሚ! ትናንት ጋሽ መኮንን ቤት የቅበላ ምሳ ላይ አፌ በዶሮ ወጥ ተሞልቶ ሳለ ተመረጥኩ። እምቢ ለማለት ጉርሻዬን እስክውጥ ድረስ አጨብጭበው ጨርሰዋል።

ለራሴም ቢሆን ከመጀመሪያው ልጻፈው፣ ኋላ እንዳይጠፋብኝ። እዚህ ጅቡቲ፣ ካርቲየ 1 የሚባለው ሰፈር ያለን ሦስት ቤተሰቦች አሥረኛ ክፍል የደረሱ አራት ልጆች አሉን። የእኔ ሊዲያ፣ የአስቴር ናቲ፣ የጋሽ መኮንን ሁለት የልጅ ልጆች። የጅቡቲ ትምህርት በፈረንሳይኛ ነው፤ ልጆቹ ደግሞ ካደጉ በኋላ ስለመጡ ቋንቋው የላቸውም። ስለዚህ የአገር ቤቱን መጽሐፍ ሾፌሮች ከአዲስ አበባ እያመጡልን እኛው ቤት ለቤት ማስተማር ከጀመርን ሁለት ዓመት ሆነን። ሒሳብ አስቴር ቤት፣ ፊዚክስና ኬሚስትሪ ጋሽ መኮንን ቤት፣ እንግሊዝኛና ባዮሎጂ እኔ ቤት። ግንቦት ላይ ድሬዳዋ ሄደው በግል ተፈታኝነት ማትሪክ ይቀመጣሉ።

ነገሩን የቆሰቆሰው ግርማ ነው፣ ባለቤቴ። "እስካሁን በድፍረት ነው የሄድነው፤ ይኼ የቤት ትምህርት ይረባል አይረባም አንድ ሰው አይቶ ይንገረን" አለ። ጋሽ መኮንን "ግምገማ ነው እንዴ? ማን ሊባረር ነው?" ብለው ሁሉንም አሳቁ።

ቤት ስንገባ ግርማ ለእኔ ብቻ የጨመረው ግን አያስቅም። የማይረባ ከሆነ ሊዲያ ድሬዳዋ እህቱ ቤት ሄዳ መደበኛ ትምህርት ቤት ትገባለች። ሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ገና መጀመሩ ነው፣ አነጋግሬያለሁ አለ። አነጋግሬያለሁ!

ሊዲያን ከአምስት ዓመቷ እስከ አሥራ ሦስት ዓመቷ እናቴ ጋ ድሬዳዋ ትቻት ነው የኖርኩት። እናቴ ስታርፍ ነው ያመጣኋት። በፎቶግራፍ ያሳደግኳትን ልጅ በዓይኔ ማየት ከጀመርኩ ሦስት ዓመት ብቻ ሆነኝ። አሁን በገዛ እጄ መርምሬ በገዛ አፌ "ትሂድ" ልበል?

ዛሬ ጾም ገባ። ሽሮዬ አረረብኝ።


ማክሰኞ፣ የካቲት 6

አስቴር ቤት ጥግ ላይ ተቀምጬ ዋልኩ። "እኔ የለሁም በሉ" አልኳቸው፤ ልጆቹ ግን በየደቂቃው ዞር እያሉ ያዩኛል።

አስቴር ጠዋት ጠዋት ሀራሙስ ሰፈር የውጭ ሰዎች ቪላ ውስጥ ትሠራለች፤ አገር ቤት ሳለች የሒሳብ ሠራተኛ ነበረች። ከሰዓት ከተማው በሙሉ ጫቱን ይዞ ጥላ ውስጥ ሲዘፈዘፍ የእሷ ክፍል ይከፈታል። ሰሌዳዋ የተበላሸ ፍሪጅ በር ነው፤ ግድግዳ ላይ አስደግፋ በማርከር ትጽፍበታለች፣ በእርጥብ ጨርቅ ታጠፋዋለች። ጥግ ላይ የፍሪጁ ስም አሁንም አለ።

ማስተማሯን ግን ምን ብዬ ልጻፈው! ኢኩዌሽኑን እንደ አንሶላ አጥፋ፣ ዘርግታ፣ ጫፍና ጫፉን ገጥማ አሳየቻቸው። በሒሳብ ጠላትነት የታወቅኩት እኔ እንኳ ገባኝ። እሰይ አልኩ በልቤ። ሊዲያ የትም አትሄድም።

ከዚያ ሥራ ሰጠቻቸው። ሊዲያ ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ተሳሳተች። አስቴር ከኋላዋ ጎንበስ ብላ "ልክ ነሽ የኔ ቆንጆ፣ ትንሽ ብቻ ናት የቀረችሽ" አለችና እርሳሱን ከእጇ ወስዳ ያቺን ትንሽ ራሷ ሠራችላት። ከዚያ ራይት አደረገችላት። አራተኛውም እንደዚያው። ለጋሽ መኮንን የልጅ ልጆችም እንደዚያው። ናቲ ጋ ስትደርስ ግን ድምፅዋ ተለወጠ። "ይኼ ምንድን ነው? አጥፋውና ከመጀመሪያ ሥራ! ጆሮህን ለማን አከራየኸው?" ናቲ አጥፍቶ ሠራ። ደግሞ ተሳሳተ። ደግሞ አስጠፋችው።

ሲያልቅ እህል ካልቀመስሽ ብላ ያዘችኝ። ምስሯ እንደ ወትሮው ጨው በዝቶበታል። አስቴር ስንት ዓመት ጨው ስታበዛ ስንት ዓመት "እጅሽ ይባረክ" እላታለሁ። ዛሬም አልኳት።


ረቡዕ፣ የካቲት 7

ጋሽ መኮንን ዘንድ።

የምድር ባቡር ጡረተኛ ናቸው፤ አባቴን ያውቁት ነበር። አባቴ የባቡር ፍሬን ሠራተኛ ነበር፣ እሳቸው ጸሐፊ። ሲያስተምሩ ግማሹ ፊዚክስ ነው፣ ግማሹ የሐዲድ ታሪክ። ስለ ግፊት ሲያስረዱ እንፋሎት የሚገፋው ባቡር በየት ዳገት ላይ እንደተንተፋተፈ፣ ማን ወርዶ እንደገፋ፣ የማን ዶሮ እንዳመለጠች ሁሉ ተነገረ። ልጆቹ በሳቅ ሞቱ። ፊዚክሱን ያዙት ወይ? እንጃ።

የፈተና ወረቀቶቹን እንዲያሳዩኝ ጠየቅኳቸው። አራቱም ልጆች መቶ።

"ጋሽ መኮንን፣ አራቱም?"

"የሺ ልጄ፣ እኔ ማርክ አልሰጥም። እመርቃለሁ። ከመቶ በላይ ቢኖር እሱንም እሰጥ ነበር።"

ሳቄን ይዤ ወጣሁ። መንገድ ላይ ግን ሳቁ ጠፋብኝ፤ መምህር ዘውዴ ትዝ አሉኝ።

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር የሚገኘው የልጅነት ትምህርት ቤታችን ደወል የሐዲድ ቁራጭ ነበር፣ ዛፍ ላይ የተንጠለጠለ። በብረት ሲመቱት ድምፁ እስከ መጋላ ሰፈር ይሰማል። አምስተኛ ክፍል ሳለሁ መምህር ዘውዴ በሒሳብ ሠላሳ አንድ ሰጡኝ። ከመቶ። ስሜን ጠርተው፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። አልቅሼ ቤት ስገባ አባቴ ምንም ሳይናገር በማግሥቱ አንድ ቅርጫት ማንጎ ተሸክሞ ቤታቸው ሄደ። መምህር ዘውዴ ተቀበሉት፣ አስገቡት፣ ማንጎውን እዚያው እየላጡ አብረው በሉ፣ አመሰገኑት። በሚቀጥለው ፈተና ሠላሳ አራት ሰጡኝ።

አባቴ "ማንጎው ሦስት ማርክ አወጣ" ብሎ ሰፈሩን አሳቀ። እናቴ ተናደደች። መምህሩ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ከደወል በኋላ ዛፉ ሥር እያስቀሩኝ አስጠኑኝ፤ ዓመቱ ሲያልቅ ሰባ አገኘሁ። ያቺን ሰባ እስከ ዛሬ አስታውሳታለሁ። ከዚያ በኋላ ያገኘሁትን ዘጠና ሁሉ ረስቼዋለሁ።

ያ ዛፍ ይኖር ይሆን?


ሐሙስ፣ የካቲት 8

የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነኝ።

ዛሬ ተራዬ ነው ብዬ የናቲን የእንግሊዝኛ ድርሰት ማረም ጀመርኩ። "My father go to port yesterday" ይላል። እስክሪብቶዬ ሄደና ቆመ። የአስቴር ልጅ እኮ ነው! ከሁለት ዓመት በፊት ቀዶ ጥገና ለማድረግ አዲስ አበባ ስሄድ ሊዲያን ሁለት ወር ሙሉ ያኖረችልኝ አስቴር። ጸጉሯን ሠርታ፣ ልብሷን አጥባ፣ ከናቲ አስቀድማ አጉርሳ። እና የእሷን ልጅ በዚህች "go" ልቀጣው? "ሐሳቡ ጥሩ ነው" ብዬ ጻፍኩ። ሰማንያ ስምንት።

ከዚያ የሊዲያን አነሳሁ። የእሷ ከናቲ ብዙ ይሻላል። ሰባ ሁለት። ለምን? የኔ ልጅ ናታ፤ የኔን ልጅ ማን ይከለክለኛል?

እስክሪብቶውን አስቀመጥኩት። ነገሩ ሁሉ በአንድ ጊዜ ወለል አለልኝ። ሊዲያ እንግሊዝኛ ታውቃለች፣ ሒሳብ ላይ ግን አስቴር ትሠራላታለች። ናቲ ሒሳብ ያውቃል፣ እንግሊዝኛ ላይ ግን እኔ እምረዋለሁ። እያንዳንዱ ልጅ የሚያውቀው እናቱ የምታስተምረውን ብቻ ነው። ፊዚክስን ደግሞ ማንም አያውቅም፤ ጋሽ መኮንን አያት ናቸው፣ የልጅ ልጅ ላይ ማን ይጨክናል?

ለግርማ ነገርኩት። "እከክልኝ ልከክልህ ነዋ" አለና ጋዜጣውን ገለጠ። ቀጥሎ ቀና ብሎ "ሊዲያስ?" አለኝ።

አንድ ሐሳብ ግን መጣልኝ። የማያውቀን ሰው ያርማቸው። ምሳችንን ያልበላ ሰው።


ዓርብ፣ የካቲት 9

የዕረፍት ቀን ስለሆነ ጋሽ መኮንን ቤት አራቱንም ፈተንናቸው። ሾፌሮች ካመጡልን ያለፉ ዓመታት የማትሪክ ጥያቄዎች ላይ ሒሳብና እንግሊዝኛ። ስም የለም፤ ቁጥር ብቻ። ቁጥሩን ያደልኩት እኔ ነኝ፣ የማውቀውም እኔ ብቻ።

ትንንሽ ድሎች፦
ማንም አልኮረጀም።
መብራት አልጠፋም።
ጋሽ መኮንን አንድ ጊዜ "እግዜር ይርዳችሁ" ብለው መልስ ሊናገሩ ሲሉ በዓይኔ አቆምኳቸው።

ትንንሽ ስጋቶች፦ ሊዲያ ሒሳቡ ላይ እርሳሷን ነክሳ ቀና አለችና አስቴርን ፈለገቻት። አስቴር ወደ እሷ ልትሄድ ተነሳች። ክንዷን ያዝኳት። "ምን ሆነሻል? ልጅቷ ተቸግራለች እኮ!" አለችኝ፣ የምር ተቆጥታ። ተመልሳ ተቀመጠች። እኔ ደግሞ ናቲን አላየሁትም፣ ሆን ብዬ። ባየው ኖሮ የምነሳው እኔ ነበርኩ።

ወረቀቶቹን ማን ያርማል ሲሉኝ መምህር ዘውዴ አልኩ። በሕይወት አሉ፣ ጡረታ ወጥተው ከዚራ ነው የሚኖሩት፤ ጋሽ መኮንን ስልካቸውን አገኙልኝ። ድምፃቸው አረጀ እንጂ አልተለወጠም። "የፍሬኑ ልጅ ነሽ? ሠላሳ አንድ?" አሉኝ። ከስንት ዓመት በኋላ!

"ፊዚክስስ?" አሉ ጋሽ መኮንን።

"የእርስዎ ምርቃት አይታረምም" አልኳቸው።


ቅዳሜ፣ የካቲት 10

ወረቀቶቹን በባቡር ላክኳቸው። ጋሽ መኮንን የሚያውቁት የትኬት ተቆጣጣሪ አለ፤ ለእሱ ነው የሰጠናቸው።

ባቡሩ ይመጣል፣ አይመጣም፣ የሚያውቀው እግዜር ብቻ ነው። ፕላቶ ዱ ሰርፓን የሚባለው ሰፈር ካለው ጣቢያ ከሊዲያ ጋር ቁጭ ብለን ጠበቅን። ሶማሌ እናቶች በከረጢቶቻቸው ላይ ተቀምጠው ሻይ ይጠጣሉ። ግድግዳው ቀለሙ ተላልጧል። ድሮ እኮ ይኼ ጣቢያ ለእኔ የዓለም መጨረሻ ነበር፤ ከዚህ ወዲያ ባሕር ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣሁት በአሥር ዓመቴ ነው፣ አባቴ ይዞኝ። ባሕሩን ላሳይሽ ብሎ። ሌሊቱን ሙሉ መስኮት ላይ ተለጥፌ መጣሁ፣ ፊቴ በአቧራ ቀልቶ። እዚህ እንደደረስን በቀጥታ ወደ ውሃው ወሰደኝ። በእፍኜ ዘግኜ ቀመስኩና "አባዬ፣ ማነው ጨው የጨመረበት?" ብዬ አለቀስኩ። አባቴ የሳቀውን ሳቅ! ሰውየው ከሞተ ስንት ዓመቱ ነው፤ ዛሬ ጣቢያው ላይ ሳቁን ሰማሁት ብል ማን ያምነኛል።

ለሊዲያ ነገርኳት። "አያቴ ነግራኛለች፣ መቶ ጊዜ" አለችኝ። እኔ ሳልኖር እናቴ የነገረቻት ነው። ደስ አለኝ፣ ደግሞም ቀናሁ።

ባቡሩ መጣ። ወረቀቶቹ ሄዱ። ሊዲያ ባቡሩን እስኪጠፋ ድረስ አየችው። ምን እያሰበች እንደሆነ አልጠየቅኳትም። ፈራሁ።


ማክሰኞ፣ የካቲት 13

ወሬ የለም።

ባዮሎጂ ላይ ዓሣ ቀደድን። ወደብ አካባቢ ካለው የዓሣ ገበያ ያመጣሁት ነው። እኔ አምስተኛ ክፍል ዓሣ ያየሁት ሥዕሉን ብቻ ነው፣ እሱም የመጽሐፉ ገጽ ተገንጥሎ ነበር። እነዚህ ልጆች ስንጥቡን በእጃቸው ይዘው "አሁንም ቀይ ነው!" ይላሉ። ከጋሽ መኮንን የልጅ ልጆች አንዷ ልታስመልስ ደረሰች፤ ሌላዋ አንጀቱን ጎትታ ናቲን አስደነገጠችው። ሊዲያ ሳቀች፣ እንደ እናቴ ጥርሷን ሁሉ አሳይታ።

ይኼን የትኛው መደበኛ ትምህርት ቤት ይሰጣታል? ይኼን ግርማ መጥቶ ቢያይ ኖሮ!

ዓሣውን ግን ጾም ስለሆነ አልበላነውም። ለጎረቤት ሰጠነው።


ሐሙስ፣ የካቲት 15

መጣ።

ጋሽ መኮንን በር ላይ ቆመው ፖስታውን ሰጡኝ። አልገባም ብለው ሄዱ።

ቀይ። ወረቀቱ በሙሉ ቀይ ነው። የመምህር ዘውዴ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ቀያቸው ግን አልደከመም።

ቁጥር ሦስት፣ ሒሳብ፦ ሠላሳ ስምንት። ቁጥር ሦስት ሊዲያ ናት። አስቴር ባለፈው ወር ዘጠና አምስት የሰጠቻት።

ቁጥር አንድ፣ እንግሊዝኛ፦ ሠላሳ ስድስት። ቁጥር አንድ ናቲ ነው። እኔ ሰማንያ ስምንት የሰጠሁት።

ናቲ በሒሳብ ሰባ ዘጠኝ አግኝቷል። ሊዲያ በእንግሊዝኛ ሰማንያ አንድ። የጋሽ መኮንን የልጅ ልጆች ሁለቱም በሁለቱም ከሃምሳ በታች። በአስቴርም በእኔም ቤት የሰው ልጆች ናቸዋ፤ ሁለታችንም ምረናቸዋል።

ሊዲያ ወረቀት ላይ መምህሩ ከታች ጽፈዋል፦ "ይህ ልጅ አእምሮ አለው። ግን ተሳስተሃል ብሎት የሚያውቅ ሰው ያለ አይመስለኝም።"

ይህችን ዓረፍተ ነገር ስንቴ እንዳነበብኳት አላውቅም። ወንድ መስላቸዋለች። ልጄ ናት ብዬ መጮኽ አማረኝ። ነገ ዓርብ ነው፣ ሁሉም ይሰበሰባሉ። ደብቄው "ጥሩ ነው" ብል ሊዲያ ትቀርልኛለች፣ ግንቦት ላይ ግን ትወድቃለች። ብናገር ግርማ ይወስዳታል፣ አስቴርም ትቀየመኛለች።

ልብ ካለኝ ነገ ይታያል።


ዓርብ፣ የካቲት 16

ተናገርኩ።

በራሴ ጀመርኩ። "ቁጥር ሦስት የኔ ልጅ ናት፤ ሒሳብ ሠላሳ ስምንት። ቁጥር አንድ ናቲ ነው፤ እንግሊዝኛ ሠላሳ ስድስት። ያስተማርኩት እኔ ነኝ፣ ሰማንያ ስምንት የሰጠሁትም እኔ ነኝ።" ትምህርቱ መልካም ነው፣ አስቴር ከማንም መምህር አታንስም፣ የጠፋው እርማቱ ነው አልኩ። የሰው ልጅ ላይ እጃችን አልጨክን አለ። በገዛ ልጃችን እንጮኻለን፣ የጎረቤትን ልጅ እናባብላለን።

ጋሽ መኮንን ምርኩዛቸውን ያያሉ።

አስቴር ቀስ ብላ ተነሳች። "ሁለት ወር ከአፌ ነጥቄ ያጎረስኳትን ልጅ፣ አሁን በቀይ እስክሪብቶ ልውጋት ነው የምትይኝ?"

"አስቱ፣ እንደዚያ ማለቴ..."

"ልጅሽን አበላሸሁልሽ ማለትሽ ነው። ገብቶኛል።" ናቲን ይዛ ወጣች። የፍሪጁን በር ልጆቹ እሷ ቤት ነው የሚያገኙት፤ ነገ ማን ይከፍትላቸዋል?

ግርማ መንገድ ላይ "ጎበዝ ነሽ" አለኝ። ቀጥሎ "እንግዲህ ትሂድ፣ የሺ" አለ። በክፋት አይደለም። አባት ነው፣ ፈርቷል።

ጎበዝ ነኝ። ጓደኛም ልጅም በአንድ ቀን።


ቅዳሜ፣ የካቲት 17

አስቴር ሱቅ በር ላይ አየችኝና ወደ ማዶ ተሻገረች። ባለሱቁ የመናዊው እንኳ አስተዋለ። "ሐበሻ፣ ምን ሆናችሁ?" አለኝ። ምን ልበለው?

ምስር ሠራሁ። ጨዉ ልክ ነው። አልጣመኝም።


ሰኞ፣ የካቲት 19

ከሰዓት ሊዲያ ጸጉሯን ላበጥርላት ተቀምጣ ሳለ ሳላስበው "ሒሳቡ ለምን እንደዚያ ሆነ፣ ልጄ?" አልኳት።

"እማ፣ እትዬ አስቴር ልክ ነሽ ስትለኝ ልክ እንዳልሆንኩ አውቃለሁ" አለችኝ። "ግን ምን ልበላት? ምሳ ካበላችኝ በኋላ አልገባኝም ልበላት?"

ማበጠሪያው እጄ ላይ ቀረ። እኛን ብቻ መስሎኝ! ልጅቷም በይሉኝታ ታስራ ኖራለች፣ እያወቀች ፈገግ እያለች።

"ድሬዳዋ መሄድ ትፈልጊያለሽ?"

"አያቴ የለችም እኮ እዚያ" አለች። ቀጥላ "ያን ቀን ጣቢያው ላይ ከባቡሩ ዓይኔን ያልነቀልኩት ለዚያ ነው" አለችኝ።

አቅፌ አለቀስኩ፣ እሷ ደግሞ "ጸጉሬ!" እያለች ገፋችኝ። አሥራ ስድስት ዓመት እንዲህ ነው። ከዚያ ደብተሯን አነሳችና "እትዬ አስቴር ጋ ልሂድ ነው" አለችኝ። ልከተላት ተነሳሁ፤ "አንቺ አትምጪ" አለች።

ሲመሽ መጣች። ምን ተባባላችሁ? "ምንም።" ተቆጣችሽ? "ትንሽ።" ዓይኗ ያበጠ ይመስላል፣ ግን ፊቷ ክፉ አይደለም። ግርማ ለእህቱ ሊደውል ስልኩን አነሳ። "እስከ ረቡዕ ቆይልኝ" አልኩት። ለምን ረቡዕ እንዳልኩ እኔም አላውቅም። አስቀመጠው።


ረቡዕ፣ የካቲት 21

ዛሬ በምሳ ሰዓት በሩ በእግር ተመታ። አስቴር ናት። በሁለት እጇ ድስት ይዛለች፣ ብብቷ ሥር ወረቀት። ናቲ ከኋላዋ እንጀራውን ተሸክሟል።

ሰላም አላለችኝም። ድስቱን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችና ከወረቀቶቹ አንዱን ለግርማ ሰጠችው። "ትናንት ፈተንኳት። አንድም ፊደል አልነካሁላትም።" የሊዲያ ሒሳብ ነው። በቀይ፣ በአዲስ ቀይ፣ አርባ ስድስት። አንዱ ጥያቄ ላይ ያደረገችው ኤክስ ወረቀቱን ቀዶታል። "ይቺን ኤክስ ስጽፍ እጄን ያመመኝ እኔ ነኝ፣ እሷ አይደለችም" አለች።

አርባ ስድስት። ሊዲያ የምትስቀውን ብታዩ! ዘጠና አምስት ስታመጣ እንደዚህ ስቃ አታውቅም። ስምንቷን በላብዋ ነው ያመጣችው።

ቀጥሎ አስቴር ሌላውን ወረቀት ለእኔ ዘረጋችልኝ። የናቲ ድርሰት፣ አዲስ የጻፈው። "በይ፣ አሁን አንቺ። እዚሁ፣ እያየሁሽ።"

እያየችኝ! ናቲም እያየኝ። የምስሩ ሽታ አፍንጫዬ ሥር እየመጣ። አንድ ስህተት ባሰመርኩ ቁጥር ጆሮዬ ይግላል። ሁለት ቦታ ላይ ለማለፍ እጄ ሄደ፣ መለስኩት። መጨረሻ ላይ ጻፍኩ፦ አርባ አንድ።

አስቴር ወረቀቱን አንስታ አየችው። "አርባ አንድ?"

"አርባ አንድ።"

አፏን ከፈተች። አንዲት ማርክ ልትለምነኝ እንደነበር በእግዜር እምላለሁ። ከዚያ ዘጋችው። ናቲን በክንዷ ጎሸም አድርጋ "ሰማህ? ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ነህ፣ እስክታውቅ" አለችው። እሱ "እሺ" አለ። ፊቱ ቀልቷል፣ ግን ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ውስጥ ሲያስገባ ስህተቶቹን እያነበበ ነበር።

ጋሽ መኮንን በመሃሉ መጥተው ሲሰሙ ራሳቸውን ያዙ። "እኔስ በዚህ ዕድሜዬ ምርቃቴን ልቆጥብ ነው?" ሰባ ይጀምሩ ብለናቸዋል። እስቲ ላስብበት ብለዋል። የፊዚክስ ወረቀት ግን በሚቀጥለው ባቡር ድሬዳዋ ይሄዳል፣ ቢወዱም ባይወዱም።

ግርማ አርባ ስድስቷን ሁለት ጊዜ አገላብጦ አያት። "እስከ ፋሲካ እንይ" አለ። ከዚያ በኋላስ? ከዚያ በኋላ አላውቅም። ሊዲያ ሃምሳ ካልገባች ይወስዳታል፣ እኔም የምከራከርበት አፍ አይኖረኝም። ግን ፋሲካ ድረስ ጠዋት ጠዋት ጸጉሯን አበጥራለሁ።

ይኼን ሁሉ ተነጋግረን ምሳው ቀረበ። አስቴር ለሊዲያ አጎረሰቻት፣ ከናቲ አስቀድማ፣ እንደ ድሮው። ለእኔም አጎረሰችኝ። ምስሩ ጨው በዝቶበታል።

ነገርኳት።